መዝጋቢዋ ያየችው፣ ጋዘኛው ያላየው

ሬሳው የተገኘው በሁለተኛው ማጠኛ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሥር ነው። የእህል መጋዘኑ ባለቤት በግንባሩ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁን በብረቱ በር ላይ እንደዘረጋ ቀርቷል። ጥፍሮቹ ተላልጠዋል። ከኋላው የስንዴ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ለነቀዝ ተብሎ የተለቀቀው ጋዝ ነቀዙንም ባለቤቱንም ሳይለይ ጨርሷቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል፤ ጥላቻው ግን ግቢው ውስጥ ነበር። ማንም ከማንም አጠገብ አልቆመም። ሰላምታዋን የመለሰላት ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ዩኒፎርሟን ፈርቶ እንጂ ወዶ አይደለም። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የማንንም ወሬ ሳትቆርጥ ትሰማና እንክርዳዱን ለይታ ታስቀራለች። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር የሆነ፣ የተጋበዘችበት ወንበር ላይ የማትቀመጥ ሴት ናት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት የሟቹ ታናሽ ወንድም። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ እሱ ነው። ሠራተኛው ሟቹን ታላቅየው፣ እሱን ታናሽየው እያለ ሲያማቸው ኖሯል። በእጁ መሀረብ ይዟል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሱ መሀረብ ግን ከመሳቢያ እንደወጣ ደረቅ ነበር።

«ካለቀማ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

«እሱን የላኩሽን ሰዎች ጠይቂያቸው እህቴ። መዝጋቢዋ ወንድሜን ሳትመዘግብ አስገባች፤ ወንበሯን ጥላ ልጇን ልታጠባ ሄደች፤ ጋዘኛው ባዶ መስሎት ቆለፈና ለቀቀ። ትናንቱኑ ታስራለች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ምን ቀረ?»

«እሷ የምትለው ቀረ። ትናንት ኮምፒውተሩ ላይ የተበላሸ ነገር ነበር?»

«ምንም። ቢኖርም የኮምፒውተሩን ነገር የወንድሜን ልጅ ጠይቂ። ፕሮግራመሯ እሷ ናት። እኔ ማብራትና ማጥፋት ነው የማውቀው።»

የመጋዘኑ አሠራር እንዲህ ነው። ወደ ማጠኛ ክፍል የሚገባ ሰው በሩ አጠገብ ለተቀመጠችው መዝጋቢ ይነግራታል። እሷ በኮምፒውተሯ «ገባ» ብላ ትጽፋለች፤ ሲወጣ «ወጣ» ትላለች። ጋዘኛው በግቢው ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የራሱ ስክሪን አለው። ስክሪኑ «ባዶ» ካላለው በሩን የሚቆልፈውና ጋዙን የሚለቀው ቁልፍ አይታዘዘውም። በሩ ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ታናሽየው «ስክሪን እያለ እጀታ ምን ያደርጋል» እያለ ሳያስጠግነው ቀረ። በየግድግዳው ያስለጠፈው ትእዛዝም ነበር፦ «በአፍ የተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስክሪኑን ተመልከት።» ስክሪን አምኖ ከመሥራት ይልቅ ተጣርቶ፣ ደውሎ ያረጋገጠ ሠራተኛ ይቀጣል። ሰው ሰውን እንዳያምን የተሠራ ቤት ማለት ይህ ነው።

መዝጋቢዋን ከፖሊስ መኪና አወረዷት። እጇ በካቴና ታስሯል፤ ሸሚዟ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ከግቢው በር ውጭ እህቷ ያቀፈችው ሕፃን እየጮኸ ያለቅሳል። ሌሊቱን ጡጦ ቢሰጡትም እየተፋ ነው ያደረው። ታናሽየው ለዘበኛው «እንዳታስገባ» ብሏል።

«መዝግቤያቸዋለሁ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ጋሼ ጋዝ ከመለቀቁ በፊት ጆንያ የማየት ልማድ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። ገቡ፣ እኔም ‹ገባ› ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ‹አንድ ሰው ውስጥ አለ› አለኝ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አለቃ መጣ። ‹ልጅሽ በር ላይ ነው፤ ሂጂና አጥቢው› አለኝ። ጋሼ ውስጥ ናቸው አልኩት። ‹ስክሪኑ ያውቃል፤ አንቺ ሂጂ› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ሄድኩ። ስክሪኑ ሰው አለ እያለ ማን ሊቆልፍ ይችላል?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያስብልሻል?»

መዝጋቢዋ ሳቅ ያልሆነ ሳቅ ሳቀች። «እሱ? ከወለድኩ ጀምሮ ልጅሽ እንዴት ነው እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ከምሳ ሰዓት በፊት እህቴ በር ላይ ከታየች ዘበኛውን ይሰድባል።»

«ስትመለሺ ምን አየሽ?»

«በሩ ተቆልፏል። ስክሪኔ ግን አሁንም አንድ ሰው አለ ይላል። ጮህኩ። ሰው ተሯሯጠ፣ ጋዙ ተነፈሰ፣ ጋሼን አወጧቸው። ወደ ወንበሬ ስመለስ ስክሪኔ ጠፍቶ እንደገና በርቷል። የጻፍኩት የለም።»

«ውሸታም» አለ ታናሽየው ከኋላ። «እኔ ወደዚህ በር ድርሽ አላልኩም። የሄድኩት ወደ ጋዘኛው ነው፤ እሱም ሥራዬ ነው።»

«እርስዎን ገና አልጠየቅኩም» አለች ወንፊት ሳትዞር።

ጋዘኛው በጠባብ ክፍሉ ውስጥ ክንዱን አጣምሮ ጠበቃት። ከሟቹ ጋር ጠበኛ እንደነበር ግቢው በሙሉ ነግሯታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመንገር ሰው ጊዜ አያጣም።

«ትጠላው ነበር ይላሉ።»

«አዎ፣ እጠላው ነበር። ሰው ፊት ሰካራም ብሎኛል። ግን ለጠላሁት ሁሉ ጋዝ ብለቅ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚተርፍ ሰው አይገኝም።»

«ስክሪንህ ምን አለ?»

«ባዶ። ባዶ ባይል ቁልፉ ይሠራልኝ ነበር? ካላመንሽኝ ሞክሪው። የምትዋሸው እሷ ናት።»

ወንፊት ሞከረችው። አንድ ፖሊስ ክፍሉ ውስጥ አስገባች፤ መዝጋቢዋ በታሰረ እጇ «ገባ» ብላ ጻፈች። ወዲያው ማዶ ባለው ስክሪን ላይ «አንድ ሰው ውስጥ አለ» የሚል ወጣ። ጋዘኛው ቁልፉን ቢጫን አልታዘዘም። ሁሉ ነገር እንደ ሰዓት ይሠራል። ጋዘኛው በድል አድራጊነት ፈገግ አለ፤ መዝጋቢዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ሕፃኑ በር ላይ መጮሁን አላቋረጠም።

«አየሽ አይደል?» አለ ጋዘኛው።

«አየሁ። ትናንት ብቻህን ነበርክ?»

«አለቃ ሁለቴ መጥቷል። በመጀመሪያው ክፍል ጊዜ በሩን ራሱ ከፍቶ፣ ‹ማነው ውስጥ?› እያለ ተጣርቶ፣ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አስወጥቶ ነው ‹በል ልቀቅ› ያለኝ። ጠንቃቃ ሰው ነው።»

«በሁለተኛው ክፍልስ?»

«መጣና ‹ስክሪንህ ምን ይላል?› አለኝ። ባዶ አልኩት። ‹በል ልቀቅ› አለ።»

«በዚህኛው አልተጣራም?»

«አልተጣራም» አለ ጋዘኛው ወደ ማዶው በር እያየ። ወንፊት ከራሱ በላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ ቆማ አነበበችው። አንዴ ያነበበችው ነው፤ እንደገና አነበበችው።

የሚገባውን እህል የሚመዝነውን ሚዛነኛ እስካሁን ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮ አልጠየቀውም። እሱም በዚሁ ተቀይሟል። ወንፊት ወደ ሚዛኑ ስትጠጋ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሳት ጀመረ።

«ትናንት ጠዋት የጻፍኩት ክብደት ሁሉ ገደል ገባ። እኔ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተደብቄ ግምጃ ቤት ስደውል ‹ምንም አልደረሰንም፣ ጤና የለህም እንዴ?› ይሉኛል። አጥፍቼ ሳበራው እኔም ጋ ጠፋ። በኋላ ደግሞ በራሱ ጊዜ ደህና ሆነ። ይሄ ኮምፒውተር የሚሉት እንደ ምራት ነው፤ ሲያሰኘው ያኮርፋል።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለአለቃ ነዋ። ‹እንደገና ጻፈው› አለኝ።»

«ጋሼ ከመሞታቸው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት እንጂ። ሬሳ ተጋድሞ ስለ ክብደት የማወራ ምን ዓይነት ሰው አደረግሽኝ?»

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

ሚዛነኛው ግራ ቀኙን አየ። «ታላቅየው ሥራ አስኪያጅነቱን ለልጁ ሊሰጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። ታናሽየው ግን ያልሰማ መስሎ ነው የሚዞረው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

ወንፊት ከሱ ተለይታ በበሩ በኩል አለፈች፤ ዘበኛውን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ፕሮግራመሯ ቢሮ ወጣች።

የሟቹ ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ የጠፋ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። መስኮቷ የሚያየው ወደ ግቢው ነው። መጋረጃውን ዘግታዋለች፤ የሕፃኑ ጩኸት ግን መጋረጃ አይዘው።

«አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል» አለች ወንፊት በሩ ላይ ቆማ። «መዝጋቢዋ ሰው አለ ትላለች። ጋዘኛው ባዶ ነበር ይላል። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ውሸታም ይላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ሚዛነኛውም የጻፈውን እሱ ያየዋል፣ ሌላው አያየውም። እነዚህ ሰዎች መሀል ያለው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ከጠፋው ስክሪን ላይ አነሣች። «ላይብረሪው» አለች።

«በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«የእኛ ፕሮግራምና መረጃው የሚከማችበት ዳታቤዝ በቀጥታ አይነጋገሩም። መሀላቸው ላይብረሪ የሚባል አስተርጓሚ አለ። የእኛው በጣም አሮጌ ነው፤ ሠሪዎቹም ከእንግዲህ አንጠግነውም ብለዋል። አዲሱ ደግሞ ስሙ ያው ይሁን እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ትናንት ጠዋት ወደ አዲሱ አሸጋገርኩት።»

«ጠባዩ ምኑ ላይ ነው የተለየው?»

«በአሮጌው አንድ ነገር ከተጻፈ ወዲያው ይጸድቃል፤ ሁሉም ያየዋል። አዲሱ ‹አጽድቅ› ካልተባለ አያጸድቅም። እስከዚያ ድረስ የጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ስክሪኑ ከተዘጋ ደግሞ የተጻፈው ይጠፋል። ይህን አላውቅም አልልም፤ የለውጡን መግለጫ አንብቤ በየቦታው ‹አጽድቅ› የሚለውን ጨምሬያለሁ። ሁለት ቦታ ግን አመለጠኝ፤ ሚዛኑና የማጠኛው በር።»

«ሳትሞክሪው?»

«ሞክሬው ነበር። ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ አለ። ግን በጻፍኩበት መስኮት ነው መልሼ ያነበብኩት።» የጠፋውን ስክሪን በጣቷ ነካች። «ተነሥቼ ከሌላ ኮምፒውተር ባየው ኖሮ ባዶ መሆኑን አገኘው ነበር። ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ከሞቱ በኋላ ደግሞ አሮጌውን መለስሽ። ለዚህ ነው ዛሬ ሁሉ ነገር ደህና የሚሠራው። ለዚህ ነው የመዝጋቢዋም ጽሑፍ የጠፋው። በራስሽ ሐሳብ ነው ወይስ ያዘዘሽ ሰው አለ?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ወንፊት በሩን ዘጋችው። የተነጋገሩት ብዙ አልነበረም፤ ሲወጡ ግን የልጅቷ ፊት ከሐዘን ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር።

ሁሉም በሁለተኛው ማጠኛ ክፍል ፊት ተሰበሰቡ። ታናሽየው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ስለ አንድ ሙከራ ነው የጠራኋችሁ» አለች ወንፊት። «ትናንት ጠዋት ፕሮግራመሯ ላይብረሪ የሚባል ነገር ቀይራ ነበር። አሁን ያንኑ አዲሱን መልሳ ጭናዋለች። እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ይግቡልኝ። መዝጋቢዋ ትጽፍዎታለች፤ ጋዘኛው ወደ ክፍሉ ሄዶ ስክሪኑን አይቶ ቁልፉን ይጫናል።»

ታናሽየው ከቆመበት አልተነቃነቀም። «ጋዙ ተዘግቷል?»

«ለምን ይዘጋል? ስክሪኑ ሰው አለ ካለ ቁልፉ አይሠራም። የራስዎ ትእዛዝ ነው፤ ስክሪኑን ማመን ነው።»

«አልገባም።»

«ትናንት ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም ብለውኛል። ምን ያስፈራዎታል?»

«እሷ የምትጽፈውን እሱ አያየውማ» አለ ታናሽየው።

ጋዘኛው ቀስ ብሎ ወደ አለቃው ዞረ።

«እኔ ይህን ለማንም አልተናገርኩም» አለች ወንፊት። «ማብራትና ማጥፋት ብቻ የሚያውቅ ሰው ከየት ሰማው?»

ታናሽየው ላቡን በመሀረቡ ጠረገ። መሀረቡ ገና አሁን ሥራ አገኘ። «ልጅቷ ናት የነገረችኝ። ግን ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ ደበቅኩላት፤ ሥጋዬ ናት።»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ እንያዘው። ሚዛነኛው ጽሑፉ ሌላ ሰው ጋ እንደማይደርስ የነገረዎት ወንድምዎ በሕይወት እያሉ ነው። እርስዎም ወዲያው ልጅቷ ጋ ሄዱ። ምን አልሻቸው?»

«ምክንያቱን እየፈለግኩ ነው አልኩት» አለች ልጅቷ። «እስካስተካክለው ድረስ ማንም ማጠኛ ክፍል እንዳይገባ፤ ጋዝም እንዳይለቀቅ አልኩት። እሺ አለኝ።»

«ትዋሻለች። አባቷን ገድላ በእኔ ልታላክክ ነው።»

«ያለኝ የእሷ ቃል ብቻ ቢሆን ምናልባት አምንዎት ነበር» አለች ወንፊት። «ግን እግርዎ መስክሮብዎታል። በአፍ የተነገረ አይቆጠርም ብለው ሰው የሚቀጡት እርስዎ፣ ትናንት በመጀመሪያው ክፍል በር ከፍተው በአፍዎ ተጣሩ። ተሸካሚዎቹን በዓይንዎ እያዩ አስወጡ። ስክሪኑን የሚያምን ሰው ይህን አያደርግም። ያደረጉት ስክሪኑ እንደማይታመን ስላወቁ ነው። ያ ጋዝ ከተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ክፍል ላይ ተመልሰው ስክሪን አማኝ ሆኑ። ለተሸካሚዎቹ የነበረዎት አፍ ለወንድምዎ የት ሄደ?»

ወንፊት በሩ አጠገብ ወዳለው የመዝጋቢዋ ወንበር አመለከተች።

«አንድ ችግር ነበረብዎት። መዝጋቢዋ ወንበሯ ላይ ካለች በሩ ሲቆለፍ አይታ ትጮኻለች። ስለዚህ በድንገት ደግ ሆኑ። ዘበኛ፣ ትናንት ሕፃኑ ያለሰዓቱ እንዴት ገባ?»

«አለቃ ደውለው ‹አስገባው፤ እናቱም ትመጣለች› አሉኝ» አለ ዘበኛው። «ነገሩ ገርሞኝ ማታ ለባለቤቴ ሁሉ አወራኋት።»

«ያን ጊዜ እዚህ በር ላይ ነበሩ፤ ጋሼ ውስጥ ናቸው ስትልዎት ሰምተዋል። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ጋዘኛውን ‹ስክሪንህ ምን ይላል?› አሉት። ይህ ሰው ሳያውቅ ጠላቱን ገደለ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያድረው ከዚህ ጋር ነው። ሬሳው ሲወጣ ደግሞ ወደ ልጅቷ ሮጡ። ‹አባትሽን ገደልሽው። ሰው እንዳታስገባ ለመዝጋቢዋ ነግሬያት ነበር፤ አልሰማችኝም። አሮጌውን መልሺ፤ ይህን እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው› አሏት። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጅነቱን ማን ይጠይቅዎታል? አባትን በጋዝ፣ ልጅን በጸጸት፣ ድሀዋን በካቴና።»

ታናሽየው ወንፊትን ትቶ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ሙሉ በሙሉ ተገፏል። «ያለ አንቺ ምን አደርግ ነበር?» አላት። «ሕይወቴን በሙሉ ይህን መጋዘን ተሸከምኩ፤ እሱ ለአንቺ ሊሰጥ። ስለቱን ስለሽ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን ሳትረሺ ኑሪ።»

«በቃህ» አለች ወንፊት። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው የነበረው ቀረ። «የዚህ ክፍል ጋዝ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። ብትገባ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር፤ እኔም ምናልባት እቸገር ነበር።»

ካቴናው ከመዝጋቢዋ እጅ ተፈትቶ በሱ እጅ ገባ። ጋዘኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ወደ መዝጋቢዋ ቀና ብሎ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ውሸታም ያላትን አፍ በምን ይክፈተው። እሷም አልጠበቀችውም። ወደ ግቢው በር መራመድ ስትጀምር ልጅቷ ሮጣ ፊቷ ቆመች።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «ነግሬያት አልሰማችም ሲለኝ አመንኩት።»

«ልትጠይቂኝ ትችዪ ነበር።»

«ፈራሁ። አባቴን እኔ የገደልኩት መስሎኝ…»

«ሲያስሩኝ በዚያ መስኮት እያየሽኝ ነበር። እኔም አይቼሻለሁ። መጋረጃውን ዘጋሽው።» መዝጋቢዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ለሳቸው አለቅሳለሁ። አንቺን ይቅር የሚል ሰው ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ። አሁን ከፊቴ ዞር በይ፤ ልጄ ርቦታል።»

ልጅቷ ዞር አለች።

ዘበኛው ማንንም ሳያስፈቅድ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። መዝጋቢዋ ሕፃኑን ከእህቷ ተቀበለችና እዚያው ደጃፍ ላይ፣ መሬት ተቀምጣ የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊቱን አዞረባት፤ የእስር ቤቱ ሽታ ይሁን ኩርፊያ ማን ያውቃል። አባበለችው፣ ስሙን እየጠራች ለመነችው። ከዚያ ያዘ። ከታሰረች ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ ያልወጣት ሴት ያን ጊዜ አለቀሰች።